ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ

ሱሉልታ ዝናብ ካባራ በኋላ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። ዛሬ ሜዳው ላይ ቪላና ፎቅ ቢበዛም፣ ድርቆሽ የጫነው ጋሪ ከአስፋልቱ ዳር እየተገፋ ቢሄድም፣ ሽታው ቦታውን አልለቀቀም። በቀደም ከችሎት ወጥቼ፣ የመዝገብ ቦርሳዬን ታቅፌ ወደ አዲሱ ገበያ የሚሄድ ሚኒባስ ስጠብቅ ያው ሽታ መጣና የድሮ ነገር ቀሰቀሰብኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር። እኔ ደግሞ ሰልፍ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። አንዴ ወደ ፊት ሄጄ ረዳቱን እጨቀጭቃለሁ፤ አንዴ ወደ ኋላ ተመልሼ ከእኔ በኋላ ማን እንደተሰለፈ አያለሁ፤ ደግሞ ሱቅ ገብቼ የማልፈልገውን ማስቲካ ገዝቼ እወጣለሁ። እንዲህ ስቁነጠነጥ ከሱቁ አጠገብ ባለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጡ፣ ካፖርታቸው ላይ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝና «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም አላረፍሽም?» አሉኝ። ሃምሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ «አንቺ ልጅ» የሚለኝ ሰው ከጠፋ ሰነባብቷል። ድምፃቸውን ግን ለየሁት። የውል ሕግ ያስተማሩኝ፣ በውል ሕግም ሲ የሰጡኝ መምህር ታፈሰ ነበሩ። ሰላም ልላቸው ደንግጬ ጎንበስ ስል ማስቲካው ከእጄ ወደቀ።

ስለ ውጤቴ ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ዝቅተኛ ነበር። «መካከለኛ» እያሉ ሊያለሳልሱልኝ የሚሞክሩ ወዳጆች አሉኝ፤ መካከለኛ አልነበረም። ሲ በሲ ሆኖ፣ መሃል መሃል ላይ አንድ ቢ ብቅ ይልና እንደ ቸኮለ እንግዳ ወዲያው ይሰናበታል። ሰነፍ አልነበርኩም፤ ደግሞም ማንም አልበደለኝም። መቀመጥ አልችልም ነበር፣ ነገሩ ይኸው ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መጽሐፍ ስከፍት እግሬ ከጠረጴዛው ሥር መወዛወዝ ይጀምራል፤ ውኃ ልጠጣ ብዬ እወጣለሁ፣ በዚያው ግቢውን እዞራለሁ፣ ስመለስ ቦታዬን ሌላ ሰው ይዞታል። ፈተና ላይም እንዲሁ ነበርኩ። ጥያቄውን አነባለሁ፣ መልሱ ይመጣልኛል፣ በጥቂት መስመር እጽፈዋለሁ፣ ወረቀቱን አስረክቤ ከሁሉ ቀድሜ እወጣለሁ። ጓደኞቼ ከኋላዬ «ስንዱ ሄደች» እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር። ውጭ ወጥቼ ዛፍ ሥር ስቆም ያልጻፍኩት ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ ይለኛል፤ ያኔ ደግሞ ተመልሶ መግባት የለም። ሰበታ የነበረችው እናቴ ይህን ስነግራት «ሆዴ ውስጥ እያለሽም እንዲሁ ነበርሽ» ብላ ትስቅ ነበር።

ከተመረቅኩ በኋላ ይኸው አመሌ እንጀራዬ ሆነ። ቤቴ ሰበታ፣ ከጓደኛዬ ከጫልቱ ጋር የተከራየናት አንዲት ክፍል ቢሮ ቡራዩ፣ ደንበኞቼ ደግሞ ብዙዎቹ ሱሉልታ ነበሩ። ሦስቱም ከተሞች አዲስ አበባን ከበው ይቀመጡ እንጂ እርስ በርስ የሚያገናኛቸው ደህና መንገድ አልነበረም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ከተማ መሃል ገብቶ መውጣት ነው። ጠዋት ሰበታ ላይ የአልኮል ፋብሪካው ሽታ ሳይለቀኝ አየር ጤና እደርሳለሁ፤ ከዚያ አውቶቡስ ተራ፣ ከዚያ በአስኮ በኩል ቡራዩ፤ ከሰዓት ደግሞ በአዲሱ ገበያ እንጦጦን ተሻግሬ ሱሉልታ። ታክሲ በሳንቲም የምንሳፈርበት ዘመን ነው። ረዳቱ የካሴቱን ክር በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ያንኑ ዘፈን መልሶ መላልሶ ያሰማናል፤ ዘፈኑ የመለያየት ነበር፣ ሁሉም ዘፈን የመለያየት ነበር። መርካቶ ተለክቼ ያሰፋሁት፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለው ግራጫ ኮት ነበረኝ። ከእሱ ጋር ጉርድ ቀሚስ አደርጋለሁ፤ ክረምት ሲሆን የቆዳ ጫማዬን በፌስታል አንጠልጥዬ በኮንጎ ጫማ ጭቃውን እሻገርና ፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ ቆሜ እቀይራለሁ። ዛሬ ወጣቶቹ ጠበቆች ከመኪና ወርደው በቀጥታ ችሎት ሲገቡ አያለሁና ያ የአጥር ጥግ ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ አንድ እግሬ ጭቃ ውስጥ ቢሆንም ዓለም ሁሉ ሰፊ ይመስለኝ ነበር።

ሰፊ ስለመሰለኝም ነው ውጭ ሄጄ በሕግ ማስተርስ ልማር የተነሳሁት። ሰበቡን በትክክል አላስታውሰውም። መንገዱ ሁሉ ዞሮ ያው ቦታ የሚመልሰኝ መሆኑ ሳይሰለቸኝ አልቀረም። ሌሊት ሌሊት አንድ ነገር ከውስጤ ይገፋኝ ነበር፤ ሌላ ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። ፒያሳ ኢንተርኔት በደቂቃ የሚሸጥበት ቤት ነበር፤ ገጹ እስኪከፈት ሻይ ተጠጥቶ ያልቃል። እዚያ ገብቼ የከፈትኳቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ውጤቴን ይጠይቁኛል። እየዘጋሁ ወጣሁ፣ እየተመለስኩ ከፈትኩ። በመጨረሻ አንዱ፣ ውጤቱ ዝቅ ያለ ሰው የሥራ ልምድና ያስተማረው መምህር ጠንካራ ድጋፍ ካለው ሊታይለት ይችላል የሚል ነገር ጽፎ አገኘሁ። ሥራው ነበረኝ። የቀረው የመምህሩ ድጋፍ ብቻ ነበር። ያን ዕለት ከፒያሳ እስከ አውቶቡስ ተራ ታክሲ አልያዝኩም፤ እየበረርኩ ነበር የሄድኩት።

ሲ የሰጠ መምህር ሲ ያገኘችውን ተማሪ አያስታውስም። የሚያስታውሱኝ መምህር ታፈሰ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም በትምህርቴ ሳይሆን በክርክሬ። ቢሯቸው ገብቼ ነገሬን ስጀምር ሰዓታቸውን አዩና፣ ያኔ ሁሉም መምህር የሚለውን አሉኝ፦ «ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ»። ወጉ እንዲህ ነበር፣ ዛሬም አልጠፋም። ደብዳቤው የመምህሩ ይባላል እንጂ ስለ ራሱ የሚጽፈው ተማሪው ነው። አሁን አንድ ጨዋ ቤት ያደገች ሴት ስለ ራሷ ምን ብላ ትጻፍ? ራሷን የምታሞግስ ሴት በእናቴ ዓይን ጸጉሯን አራግፋ ከወጣች እብድ አትሻልም። ሌሊቱን ሙሉ ስጽፍ ስሰርዝ አድሬ ጠዋት ለጫልቱ አነበብኩላት፦ «ስንዱ ሰዓት አክባሪ ናት። ታላላቆቿን ታከብራለች። ከማንም ጋር ተጣልታ አታውቅም። ውጤቷ ዝቅ ያለ ቢሆንም ጥረት ታደርጋለች።»

ጫልቱ ጠረጴዛውን እየመታች ሳቀች። «አንቺ ስንዱ! በዚህ ደብዳቤ ባል ታገኚበታለሽ፤ ትምህርት ቤት ግን አታገኚበትም!»

«ታዲያ ምን ልበል? ጎበዝ ነኝ ልበል?»

«አንቺ አትበይ፤ እኔ እልልሻለሁ። ሂን ያዳኢን፣ አታስቢ። ወረቀቱን ወዲህ በይ።»

ጫልቱ ከትምህርት ቤት ጀምሮ በውጤት የምታስከነዳኝ፣ በእንግሊዝኛም የምታስንቀኝ ልጅ ናት። ሱሉልታ ችሎት ላይ በኦሮምኛ ስከራከር የሳትኩትን ቃል ከኋላ ሆና በሹክሹክታ የምታርመኝም እሷ ነበረች። ጻፈችው። ሰርግ ላይ እንዳለች አወዳሽ ጻፈችው። መምህር ታፈሰ በማስተማር ሕይወታቸው እንዲህ ያለ ተማሪ አላዩም፤ የውል ሕግ ካስተማሯቸው ሁሉ የላቀች ነበረች፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ሳነበው ፊቴ ጋለ፤ ግን ጣፈጠኝ፣ ምን እዋሻለሁ። መምህር ታፈሰ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ደረስኩባቸውና በመኪናው ኮፈን ላይ አንጥፈው ፈረሙልኝ፤ «ይቅናሽ» ብለውኝ ሄዱ። ሁለታችንም፣ ሁለት የሕግ ሰዎች፣ ከዚያው ፖስታ ውስጥ የገባው የውጤት ወረቀቴ ላይ በውል ሕግ አጠገብ ምን እንደተጻፈ ልብ አላልንም። ዛሬም ሳስበው እስቃለሁ፤ ያኔ ግን አልሳቅኩም።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ የሆንኩትን እናቴ ብትኖር ትመሰክር ነበር። ቁርስ ቆሜ እበላለሁ። ሰበታ መናኸሪያ ድረስ በእግሬ ሄጄ ያለ ሥራ እመለሳለሁ። ቡራዩ ቢሮ ውስጥ ጫልቱ «ቁጭ በይ፣ ወለሉን ጨረስሽው» ስትለኝ ወጥቼ የገፈርሳን መንገድ እይዛለሁ፤ ውኃው እስኪታየኝ በባሕር ዛፉ መሃል ሄጄ ስመለስ ደንበኛ ጠብቆ ጠብቆ ሄዷል። መልሱ በመጨረሻ መጣ፤ አጭርና ጨዋ ነበር። መምህርሽ በውል ሕግ ካስተማርኳቸው ሁሉ የላቀች ነበረች ይላሉ፤ በዚሁ ትምህርት የሰጡሽ ግን ሲ ነው፤ ከመወሰናችን በፊት እሳቸው ራሳቸው ቢያብራሩልን ደስ ይለናል፣ ቀኑም እስከዚህ ነው ይላል። አልቀበልም ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። በሩን አልዘጉትም። ገርበብ አድርገው ቆመው ጠበቁኝ።

«ሂጂና ንገሪያቸው» አለች ጫልቱ፤ ፊቷ ዓመድ መስሎ ነበር። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አብሬሽ ልሂድ።»

«ሄጄ ምን ልበል? ሳያነቡ ፈርመው ውሸታም አስባልኩዎት ልበል?»

«አይበሉሽም እኮ!»

«ይበሉኛል አላልኩም። ምን ይሉኛል ነው ያልኩት።»

ይሉኝታ የሚባለው ነገር በእኛ ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ሌላ አገር ያደገ ሰው አይገባውም። አንድ ትልቅ ሰው አምኖኝ ስለ እኔ ፈርሞ፣ እኔ ደግሞ ሄጄ «ፊርማዎ አዋረደዎት» ልለው ነው። እስከ ግቢው በር ደጋግሜ ሄድኩ። አንድ ቀን ቢሯቸው ያለበት ፎቅ ድረስ ወጥቼ ሳላቸውን ሰምቼ ተመለስኩ። የተሰጠኝ ቀን ያለፈው እዚሁ ሱሉልታ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ተራ እየጠበቅኩ፣ ዝናቡ ገና አባርቶ፣ ከሜዳው ድርቆሹ እየሸተተ። ማታ ሰበታ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ አለቀስኩ። እናቴ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ «ራሴን አሞኝ ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሆነ። አገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ፣ እናቴን ቀበርኩ። ጫልቱ ለገጣፎ ቤት ሠርታ፣ ወገቧን እያመማት፣ በስልክ ብቻ የምትስቅ ሆናለች። ሰበታ ያለው የድሮ ቤታችን ፊት ለፊት ፎቅ ቆሞ ፀሐያችንን ወስዶታል። መርካቶ የተሰፋው ኮት የት እንደገባ አላውቅም። በሦስቱ ከተሞች መካከል መሮጤ ግን አልቀረም፤ እግሬ ሲያብጥ ጫማ እቀይራለሁ እንጂ አላረፍኩም። ያ ሌሊት የሚገፋኝ ነገር የወጣትነት ይመስለኝ ነበር፤ ልጄ አድጋ ከቤት ስትወጣ ባዶው ሳሎን ውስጥ ተመልሶ መጣ። ባለፈው ጥቅምት ስልኬ ላይ አንድ የውጭ ትምህርት ቤት ገጽ ከፈትኩ። ለጫልቱ ስነግራት «በዚህ ዕድሜሽ ማን ይቀበልሻል?» አለችና፣ «ደብዳቤውን ግን እኔ አልጽፍልሽም» ብላ ሳቀች። ዛሬም የሚጠይቁት ያንኑ ነው። ጸጉሬ ሸብቷል፣ ሲው ግን አንድ ቀን እንኳ አላረጀም። ካስተማረሽ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ ይላሉ። ካስተማሩኝ ብዙዎቹ አፈር ገብተዋል፤ የቀሩትም አያስታውሱኝም። ስለዚህ ገጹን እከፍተዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። መምህር ታፈሰን ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ሳያቸው ልቤ ለምን እንደዘለለ እንግዲህ ይገባችኋል።

አጠገባቸው ወንበር ስቤ በጫፉ ተቀመጥኩ። ልጃቸው እዚሁ ሱሉልታ ቤት ሠርታ ከእሷ ጋር እንደሚኖሩ፣ ብርዱ እንደማይመቻቸው፣ ከሰዓት ከሰዓት እዚህ ተቀምጠው መንገደኛ እንደሚያዩ ነገሩኝ። ሻዩን ሲያነሱ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር «ያ የውጭ ትምህርትሽስ የት ደረሰ? አንድ ወረቀት ፈርሜልሽ ነበር» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ ለሰው ሁሉ የምሰጠው መልስ አለኝ፤ «እግዚአብሔር አላለውም» እላለሁና ወሬ እቀይራለሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የእኔን ደብዳቤ፣ የጫልቱን ደብዳቤ፣ ሲውን፣ ከቢሯቸው ደጃፍ ሳላቸውን ሰምቼ መመለሴን።

እስኪያስላቸው ሳቁ። «እና ሲ የሰጠሁሽ እኔው ነኝ?»

«እርስዎ ነዎታ!»

«አላነበብኩትም እኮ። የስንቱን እንዲሁ ፈርሜያለሁ መሰለሽ! ምሳ እየበላሁ፣ ደረጃ እየወረድኩ። ሁሉም በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ጎበዝ ነበር።» ሳቃቸው ቆመ። «መጥተሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ልጄ…»

«አፈርኩ፣ መምህር።»

ከዚያ ስለ ጥቅምቱ ገጽ ነገርኳቸው። «ጽፈሽ አምጪ» የሚሉኝ መስሎኝ ነበር፤ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን «ወረቀት አለሽ?» አሉኝ። «እኔ እጄ አይታዘዝልኝም። እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ።» ከመዝገብ ቦርሳዬ ወረቀት አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። በዚያ በድሮው እንግሊዝኛቸው፣ ክፍል ውስጥ እንደነበሩት ቃል በቃል እየለዩ ጀመሩ።

«ይህችን ሴት አስተምሬያታለሁ። በውል ሕግ ሲ ሰጥቻታለሁ።»

እጄ ቆመ። «መምህር፣ ይህን ብንተወውስ?»

«ጻፊ። ሲው ልክ ነው። መልሷን ስትጀምር ጥሩ ነበር፤ ለመጨረስ ግን አልተቀመጠችም። ዛሬም ብትፈተን ያንኑ እሰጣታለሁ።» ጆሮዬ እየጋለ ጻፍኩት። «አምና ለራሴ ጉዳይ ሱሉልታ ፍርድ ቤት ሄጄ ከኋላ ተቀምጬ ተራ ስጠብቅ አየኋት። እሷ አላየችኝም። የመሬት ውል ሳይነበብላቸው ለፈረሙ አንድ ገበሬ ትከራከር ነበር።»

ኦቦ ጉርሜሳ ነበሩ፣ አስታወስኳቸው። ቀና ብዬ ሳያቸው መምህር ወደ መንገዱ ነው የሚያዩት።

«ዳኛው ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ቆማ ያንን ውል መስመር በመስመር ፈታችው። እኔ ለዓመታት ቆሜ ያስተማርኩትን፣ ለገበሬው በሚገባው ቋንቋ ስትናገረው ሰማሁ። ሕግን የሚማሩት ተቀምጠው ነው፤ የሚሠሩት ግን ቆመው ነው። በመጀመሪያው ደከመች። በሁለተኛው፣ እኔ ራሴ ጠበቃ ቢያስፈልገኝ የምይዘው እሷን ነው።»

ጻፍኩት። ራሴን የሚያሞግስ ቃል በገዛ እጄ ስጽፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አላፈርኩም፤ እንባዬ ግን ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ ፊቴን ዞር አድርጌ መጨረስ ነበረብኝ። ልክ ያኔ ሚኒባሱ መጥቶ ረዳቱ «አዲሱ ገበያ! አንድ ሰው የቀረ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮህ ጀመር። እንደ ልማዴ ብድግ አልኩ፣ ቦርሳዬን አነሳሁ፣ እስክሪብቶውን አቀበልኳቸው።

«ይፈርሙልኝ፣ መምህር።»

«ቆይ» አሉ፤ ካፖርታቸውን ዳብሰው መነጽራቸውን አወጡ። «መጀመሪያ ላንብበው።»

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አደላድለው በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ። ግማሽ ደርሰው አንድ ነገር አላረካቸውም መሰለኝ፣ ጣታቸውን መልሰው ላይኛው መስመር ላይ አደረጉት። ረዳቱ እንደገና ጠራ፣ በሩን ዘጋ፣ ሚኒባሱ ሄደ። ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩና እስኪጨርሱ ድረስ ተቀምጬ ጠበቅኩ።